የሚርገበገበው በር

ሚካኤላ የደወለችልኝ ቤቷ ስለጋለባት ነው። ኦገስት ነው፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የአትላንታ አስፋልት ጫማ የሚይዝበት ሰዓት። እኔ ፍሬው ሥራዬ የቤት ማቀዝቀዣና ማሞቂያ መጠገን ነው፤ ከዚያ በተረፈኝ ጊዜ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። በሁለቱም ሥራ ሰው የሚፈልገኝ ሲቸግረው ብቻ ስለሆነ ስልኬ ሲጮህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከከተማው ዳር፣ ስማይርና ያለው አፓርታማዋ ስደርስ ኤሲው ይሠራል። ደከም ብሏል እንጂ ይሠራል። ቤቱን ያጋለው ሌላ ነው፤ ጠረጴዛው ሥር የተቀመጠ ትልቅ ጥቁር ኮምፒውተር አራት ማራገቢያ እያስጮኸ ትኩስ አየር ይተፋል።

«ይኼ ደግሞ ምን እያበሰለ ነው?» አልኳት።

«ጋሼ ፍሬው፣ ኤሲውን ተወውና ና ይሄን እየው። ላይክ፣ ላብድ ነው።»

እዚህ አገር ያደጉ ልጆች አንቱ ማለት አይሆንላቸውም፤ እኔም መጠበቁን ከተውኩት ቆየሁ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እስክሪኑ ላይ ያለው አዳራሻችን ነው፤ ገና ያልተሠራው አዳራሻችን።

በአፓርታማ ለቅሶ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። መቶ ሰው ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ይገባል፣ የተረፈው ደረጃው ላይ ይቆማል፣ መኪናው የጎረቤት ቦታ ይይዛል። በሁለተኛው ቀን የአፓርታማው ማኔጀር ወረቀት ይዛ ትመጣለች፣ በሦስተኛው ቀን መኪና መጎተት ይጀመራል። ከቀብር ስንመለስ የሟች ወንድም መኪናውን ያጣበት ቀን አለ፤ ሰውዬው ለወንድሙ ያለቀሰውን ያህል ለመኪናውም አለቀሰ። በዚህ ተማርረን ነው ኖርክሮስ ውስጥ ያለ አሮጌ የምንጣፍ መጋዘን ገዝተን የለቅሶ አዳራሽ እናድርገው ያልነው። ሻጩ የሚጠብቀን እስከ ሰኞ ብቻ ነው። እሑድ አባላት ድምፅ ይሰጣሉ፤ አባል ደግሞ ወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር አይቶ እጁን አያወጣም። ስለዚህ ሚካኤላ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ልትሠራልን ቃል ገባች። በዋናው በር ገብተህ፣ አዳራሹን ዞረህ፣ ወጥ ቤቱ ጋ የምትደርስበት።

ቪዲዮውን ከፈተችው። መብራቱ፣ ወንበሩ፣ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ፣ ሁሉም ደህና ነው። አዳራሹንና ወጥ ቤቱን የሚለየው ሰፊ ተጣጣፊ የእንጨት በር ጋ ስንደርስ ግን በሩ ይርገበገብ ጀመር። አንዴ እንጨት ነው፣ አንዴ ነጭ ግድግዳ ነው፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ስንጥቅ ሽው ሽው ይላል። በር ነው ስትል ግድግዳ ይሆናል፤ ግድግዳ ነው ስትል በር ይሆናል።

«ሁለት ነገር አንድ ቦታ ላይ ሲቆም ነው እንዲህ የሚያደርገው» አለች። «ኮምፒውተሩ የትኛው ከፊት እንደሆነ አያውቅም። ግን ሁለተኛው የለም! እየው፣ ስሠራበት ንጹሕ ነው። በር ብቻ ነው። ሬንደር ሳደርገው ይመጣል። ስድስት ሰዓት ፈጅቶ ይሄን ይሰጠኛል።»

ሬንደር ማለት ኮምፒውተሩ ሥዕሉን እንደ እውነተኛ ፎቶ አድርጎ አብስሎ የሚያወጣበት ሥራ ነው። ቤቱን ያጋለው እሱ ነው። የልጅቷ እንጀራም እሱ ነው፤ ከተማ መሐል ባለ የአርክቴክቶች ቢሮ ውስጥ ያልተሠራ ሆስፒታልና ያልተሠራ ሆቴል እንደተሠራ አድርጋ ታሳያለች፤ ያልተተከለ ዛፍ ጥላ ታስቀምጥለታለች። እናቷ ተናኘ በሕይወት ሳለች «ልጄ የሌለ ቤት ፎቶ ታነሳለች» እያለች ነበር ለሰው የምታስረዳው። ይህን ስትል አታፍርም፤ ትኮራበታለች።

ተናኘ ልጇን ከካርቱም አዝላት ስትመጣ ሚካኤላ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። የሆቴል አንሶላ እያጠበች አሳደገቻት፣ ዩኒቨርሲቲ አስገባቻት። ከዚያ ሌላ ደግሞ ለአሥራ ስምንት ዓመት የእድራችን ወጥ ቤት ኃላፊ ነበረች። በማንም ለቅሶ ቀድማ የምትደርስ፣ ድስቱን አጥባ መጨረሻ ላይ የምትወጣ እሷ ናት። ካረፈች ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል። ለልጇ ካስተማረቻት ነገር ሁሉ የጠነከረው ትልቅ ሰው አንድ ነገር ሲላት እሺ ማለት ነው። ሚካኤላ አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ እሺዋ ግን ንጹሕ የእናቷ ነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። ያን ቀን የምትርገበገበውን ቁራጭ ወደ ስልኬ ላከችልኝ፤ እኔ ጅሉ ደግሞ «ሥራው በመፋጠን ላይ ነው» ብዬ የእድሩ ዋትስአፕ ላይ ለጠፍኳት። በማግስቱ ብራያርክሊፍ መንገድ በርበሬ ልገዛ ስገባ ባለሱቁ ሱልጣን ከመደርደሪያው ጀርባ «ጋሼ ፍሬው፣ ሕንፃው ተሰነጠቀ አሉ?» አለኝ። የቱ ሕንፃ? «የኖርክሮሱ። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል አሉ። ቪዲዮ አለ።» ከሱቁ ሳልወጣ ሦስት ሰው ደወለ። አንዷ መሬቱ ረግረግ ነው አለችኝ። አንዱ ሊወድቅ የደረሰ መጋዘን ልታስገዙን ነው ወይ ብሎ ጮኸብኝ። ኮምፒውተር ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም ብል ማን ይሰማኛል! ወንድሜ፣ ግድግዳው ገና አልተሠራም እኮ! ያልተሠራ ግድግዳ እንዴት ይሰነጠቃል? ስልኩን ዘጋብኝ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ደረሰ። በሩ ካልተስተካከለ እሑድ እጅ አይወጣም፣ እጅ ካልወጣ ሰኞ መጋዘኑ የሌላ ሰው ነው።

ዓርብን ሙሉ ሚካኤላ ያላደረገችው ነገር የለም። ፕሮግራሙን አፕዴት አደረገችው፤ አፕዴቱ ዛፎቹን ሁሉ ሐምራዊ አደረጋቸው። ወደ ድሮው መለሰችው። ብርሃኑን ቀየረች። በሩን አጥፍታ እንደገና ሠራችው። ለፕሮግራሙ ባለቤቶች ጻፈች፤ አንድ ማሽን «ችግርዎ ገብቶናል» ብሎ መለሰላትና ስለ ሌላ ችግር የሚያወራ ገጽ ላከላት። ኢንተርኔት ላይ እንደሷ የተቸገረ አንድ ሰው አገኘች፤ ሰውዬው ከአራት ዓመት በፊት «አስተካከልኩት፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ጽፎ እንዴት እንዳስተካከለው ሳይናገር ሄዷል። እኔ ያን ሰውዬ ባገኘው!

ማታ ቤቷ ስደርስ ናሆም የሚባል የሥራ ባልደረባዋ ችግሯን በስልክ ያዳምጥ ነበር። «ከውጭ የተያያዘ ፋይል አለው?» አላት።

«አለው። ፕላኑ። የጋሼ ዳኛቸው ነው።»

«እሱን ቼክ አደረግሽው?»

«ጋሼ ዳኛቸው ጨርሻለሁ ብሏል።»

«አውቃለሁ፣ ግን ቼክ አደረግሽው?»

«ናሆም፣ ጨርሻለሁ ብሏል እኮ!»

እኔም ከጎን ሆኜ «አቶ ዳኛቸው ከቃላቸው አይወጡም» አልኩ። የሽማግሌ ፋይል ከፍቶ እንደ ጉምሩክ መበርበር ነውር ነው፤ እኔና ሚካኤላ ያሰብነው ይህንኑ ነው።

አቶ ዳኛቸው የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። አዲስ አበባ እያሉ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ፕላን ነድፈዋል። እዚህ መጥተው አሥራ አምስት ዓመት የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀመጡ፤ ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ኮምፒውተር ገዛላቸውና እንደገና ነዳፊ ሆኑ። የአዳራሹን ፕላን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ፋይሉ ከሚካኤላ ሥራ ጋር በኢንተርኔት የተያያዘ ነው፤ እሳቸው ቤታቸው ሆነው አንድ ግድግዳ ካቆሙ እሷም ጋ ይቆማል።

መጀመሪያ የነደፉት ወጥ ቤቱ በድፍን ግድግዳ የተዘጋ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ስብሰባ ላይ፣ ከተናኘ ወዲህ ወጥ ቤቱን የተረከቡት ወይዘሮ ሐረገወይን ተነሡ። «እኛ ሴቶቹ ለቅሶ እንሄዳለን እንጂ ለቅሶ ተቀምጠን አናውቅም። ለአዳራሹ ጀርባችንን ሰጥተን ሽንኩርት ስንከትፍ ሬሳ ይወጣል። ሰፊ በር ይሁንልን፤ ሲያስፈልግ ይከፈት፣ ሲያስፈልግ ይዘጋ» አሉ። አቶ ዳኛቸው «እሺ» አሉ። ግድግዳውን አነሱ፣ ሚካኤላ በሩን ገጠመች፣ እሳቸውም «በቃ እኔ ጨርሻለሁ» አሏት።

ቅዳሜ ጠዋት የኤሲውን አዲስ ዕቃ ይዤ መጣሁ። ሚካኤላ ፀጉሯን በእርሳስ አስራ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ሰባተኛውን ሙከራ ልትጀምር ነው። አሁን ቪዲዮውን ሙሉ ሳይሆን በሩ ጋ ያለውን ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነው የምታበስለው። ኤሲው ያለበት ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ፣ ኤሌክትሪክ እንዳይይዘኝ የዚያን ክፍል መስመር ከቆጣሪው አጠፋሁ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የኢንተርኔቱ ሳጥንም አለ፤ አብሮ ጠፋ። እኔ አላስተዋልኩም። እሷም አላስተዋለችም፤ ኮምፒውተሩ በሌላ መስመር ስለሆነ መጮሁን አላቆመም።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጩኸት ሰማሁ። የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ እየሮጥኩ ወጣሁ።

«ንጹሕ ነው! ጋሼ ፍሬው፣ ንጹሕ ነው! ምን አደረግክ?»

«ምንም አላደረግኩም።»

«ምን ነካህ?»

«ኤሲውን ነው የነካሁት!»

መብራቱን መልሼ አበራሁት። እንደገና ሞከረችው። በሩ ይርገበገባል። አጠፋሁት፤ ንጹሕ። አበራሁት፤ ይርገበገባል። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ የተማርኩት ነገር ቢኖር አንዱን ስታጠፋ ብልሽቱ ከጠፋ ጥፋተኛው የጠፋው መስመር ላይ መሆኑን ነው። «ሚካኤላ፣ ይኼ ነገር በኢንተርኔት ነው የሚገባብሽ» አልኳት።

ቀስ ብላ ከአቶ ዳኛቸው ጋር የሚጋሩትን ፎልደር ከፈተች። የፕላኑ ፋይል አጠገብ «ዳኛቸው፣ ትናንት ጠዋት» ይላል። ከሱ በፊት፣ ረቡዕ። ከሱ በፊት፣ ማክሰኞ። ፋይሉን ስትከፍተው ድፍኑ ግድግዳ ቁጭ ብሏል። እሷ ስትሠራበት የሚታያት አሮጌው ቅጂ ነው፤ ሬንደር ሲጀምር ግን ፕሮግራሙ ሄዶ አዲሱን ያመጣል። ኢንተርኔት ሲጠፋ አዲሱን ማምጣት አልቻለም።

«ጨርሻለሁ ብሎኛል» አለች፤ ድምፅዋ የሕፃን ሆነ። «ሁለት ቀን! ጋሼ ፍሬው፣ ሁለት ቀን ሙሉ!»

መኪናዬ ውስጥ ከተትኳት። ከስማይርና ብራያርክሊፍ መንገድ ቤታቸው እስክንደርስ ለአቶ ዳኛቸው የምላቸውን እያዘጋጀሁ ነዳሁ። ሊቀመንበር አይደለም ፓትርያርክ ቢሆኑ ዛሬ አልምርዎትም፣ እላለሁ፤ ሰው እያበደ እርስዎ ቤትዎ ቁጭ ብለው ግድግዳ ይሠራሉ፣ እላለሁ። በሩን ከፈቱ። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፣ ኪሳቸው ውስጥ እርሳስ አለ። «እንደምን ዋሉ አቶ ዳኛቸው፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» አልኩ። ሌላ ነገር አልወጣኝም። በራሴ በጣም ተናደድኩ።

ሚካኤላ ናት የተናገረችው። «ጋሼ ዳኛቸው፣ ግድግዳውን አንተ ነህ የመለስከው?»

«ያንቺን አልነካሁም ልጄ። በርሽ እንዳለ ነው። የራሴን ነው የመለስኩት።»

«አቶ ዳኛቸው፣ ሁለቱ እኮ አንድ ቦታ ላይ ናቸው!» አልኩ።

«ልክ ቦታው ላይ ነው ያስቀመጥኩት» አሉኝ፣ ሙያቸውን ያመሰገንኩ መስሏቸው። «አንድ ሚሊሜትር አላዛነፍኩም።»

አንድ ጣት ያህል ቢያዛንፉት ኖሮ በርና ግድግዳ ሁለት መሆናቸው ገና ሐሙስ ዕለት ይታየን ነበር! ይህን ዋጥ አደረግሁና ለምን እንዳልነገሩን ጠየቅኳቸው። ስብሰባ ላይ እሺ ብለው የለም ወይ?

«ታዲያ ወይዘሮ ሐረገወይንን በሰው ፊት እምቢ ልበላት?» አሉ። ከዚያ ተቀመጡ። «ስሙኝ። ባለቤቴ ስታርፍ ለቅሶው እዚሁ ቤት ነበር። ይኸው እንደምታዩት ሳሎኑና ወጥ ቤቱ አንድ ነው። ቄሱ ያጽናኑኛል፣ እኔ አንድ ቃል አልሰማሁም። አንዷ ቧንቧ ከፍታ ትታዋለች፣ ውሃው ይንሿሿል፣ ይንሿሿል። ሦስት ቀን! አሳቢ ሰው ይጠፋል? ሰባት ዓመት ሆነኝ፤ ያ ውሃ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በዚያ አዳራሽ የሚቀመጥ ሐዘንተኛ ይህ እንዳይደርስበት ነው ግድግዳ ያልኩት።»

ሚካኤላ ወደ ወጥ ቤቱ ዞራ ቧንቧውን አየችው።

«ማሚ ነበረች» አለች።

አቶ ዳኛቸው ቀና አሉ።

«ወደ ቤት ስነዳት መኪና ውስጥ ነገረችኝ። ሚስትህ ጓደኛዋ ነበረች፣ ጋሼ ዳኛቸው። ማልቀስ አልቻለችም፣ ሻዩን ማን ይቅዳ? ሲመጣባት ቧንቧውን ትከፍተዋለች። አንተ እንዳትሰማት። ‹እሱ የራሱ ይበቃዋል› አለችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ አልተቀመጠችም። የሷ ለቅሶ ላይ ደግሞ ጓደኞቿ ሁሉ ኪችን ነበሩ። እኔ ሶፋ ላይ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቀመጥኩ። የነሱን ጀርባ ነው ያየሁት። ለዛ ነው በሩ። ግድግዳው አይሆንም።»

ይህች ልጅ ለትልቅ ሰው አይሆንም ስትል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እሷም ራሷ ሰምታ የምታውቅ አልመሰለኝም፤ ጉንጯ ቀላ።

አቶ ዳኛቸው ተነሥተው ኮምፒውተራቸው ጋ ሄዱ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ግድግዳውን መረጡና አጠፉት። ወደ እኛ ሳይዞሩ «በሩ ግን ትንሽ ጠበብ ቢል» አሉ።

«እ...» ብላ ጀመረች ሚካኤላ፤ ልማድ ነው። እኔ ሳልኩ።

«አይጠብም» አለች።

እሑድ ጠዋት ኮምፒውተሯን ወደ ስብሰባው ልጭንላት ስሄድ ቪዲዮው አልቆ ነበር። አብረን አየነው። አዳራሹ፣ ወንበሩ፣ ፀሐዩ፣ ከዚያ በሩ። ፍንክች አላለም። እግዚአብሔር ይመስገን ልል አፌን ስከፍት በሩ እየተጣጠፈ ተከፈተ፤ ይኼን ቅዳሜ ማታ ጨምራበታለች። ወጥ ቤቱ ታየ፣ መደርደሪያው፣ ምድጃው፣ የዕቃ ማጠቢያው። ማጠቢያው አጠገብ፣ ፊቱን ወደ አዳራሹ ያደረገ አንድ የእንጨት ወንበር አለ።

«ኖ! ኖ፣ ኖ፣ ኖ! ይሄን እኔ አላስገባሁም! ጋሼ ፍሬው፣ ኢንተርኔቱን አጥፋው!»

ወደ ቁም ሳጥኑ መሄድ አላስፈለገኝም። ፎልደሩን ከፈተችው። «ዳኛቸው፣ ትናንት ማታ» ይላል። ወንበሩን ጠጋ ብላ አየችው። አራቱ እግሮቹ ወለሉ ላይ ልክ ተቀምጠዋል፤ የገባ የለም፣ የተንሳፈፈ የለም። ሚካኤላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አልነካችውም።

ከሰዓት በኋላ በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ ቪዲዮው ሲታይ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ነው። ሱልጣን ሳይቀር ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። በሩ ጸጥ ብሎ ተከፈተ። ወይዘሮ ሐረገወይን ከሴቶቹ መሐል ብድግ ብለው «ያ ወንበር ደግሞ የማነው?» አሉ።

አቶ ዳኛቸው ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ዞር አላሉም።

«የተናኘ» አሉ።

ከዚያ እጅ ወጣ። ጸሐፊ ነኝና መቁጠር የኔ ሥራ ነው። እጁ በዝቶብኝ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሁለቴም ተሳሳትኩ፤ ሦስተኛውን ሚካኤላ ቆጠረችልኝ።